የዶላሞ ቁጥር

በጂንካው የባህል ፌስቲቫል ዘንድሮ ጥሬ ገንዘብ ይቅር ተብሎ የሻጮች ስብሰባ ሲጠራ፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው አየለች ነበረች። ይህ አስቀድሞ ይታወቅላት፤ ኋላ የሆነውን ሁሉ በማሽኑ የሚያላክክ አይጠፋምና።

ስብሰባው እንደ ስብሰባ ሁሉ ረጅም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የአዘጋጁ ድርጅት ሰዎች ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበሩ፣ ሲስተም፣ ካሽለስ፣ ሴትልመንት እያሉ ረፋዱን ጨረሱት። ከኋላ የተቀመጡት የታሸገ ውሃቸውን ጠጥተው፣ አበሉ መቼ እንደሚሰጥ ይንሾካሾካሉ። አየለች ግን ከፊት ተቀምጣ ነገሩን አንድ በአንድ ተከታተለች፤ ምክንያት ነበራት። አምና በዚሁ ፌስቲቫል፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የተቀቀለ ጎደሬና ቦዬ በዳጣ ስትሸጥ ውላ፣ እቤቷ ገብታ መቀነቷን ስትፈታ ጨርቁ በምላጭ ተተርትሮ ባዶውን አገኘችው። እጇ እስኪቆስል የላጠችው ጎደሬ የማን ኪስ እንደገባ እስከ ዛሬ አታውቅም። የተቀደደ ብር ሰጥቶ የሚሄደው፣ ዝርዝር የለኝም ብሎ በልቶ የሚጠፋው፣ ነገ አመጣለሁ ብሎ በማግስቱ መንገድ የሚቀይረው የቢሮ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ አስተያየት ሲጠየቅ ተነሥታ፣ ሌባ የማይደርስበት ገንዘብ ከሆነ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል አለች። ተጨበጨበላት። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ ፎቶ አነሣት።

ደግሞም እውነቱን ለመናገር ነገሩ ደስ የሚል ነበር። እንግዳው መግቢያው ላይ ገንዘቡን ያስገባና እጁ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ይታሰርለታል። እያንዳንዱ ሻጭ መዳፍ የምታህል ማሽን ይሰጠዋል። በልቶ የጨረሰ ሰው እጁን ወደ ማሽኑ ጠጋ ሲያደርግ ጢጥ ይላል፣ አለቀ፤ ገንዘቡ ሻጩ ባስመዘገበው ስልክ ቁጥር ላይ ይገባል። ዝርዝር የለ፣ ዱቤ የለ፣ ምላጭ የለ።

ችግሩ ስልክ ቁጥሩ ላይ ነው። በአየለች ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ ቁጥሩም የባሏ የዶላሞ ነው።

ዶላሞ ሙዝና በቆሎ በጭነት መኪና ወደ ኦሞራቴ ያወርዳል፣ ከዚያ ከዳሰነች ዓሣ አጥማጆች ደረቅ ዓሣ ገዝቶ ወደ ጂንካ ይመለሳል። ያወርዳል ይባል ወይስ ያወርድ ነበር፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ደፍሮ አልወሰነውም። የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን ሁሉ በዋጠበት ክረምት እንደልማዱ ወረደ፤ አልተመለሰም። ወንዙን ሲሻገር ከነታንኳው ተገለበጠ የሚል አለ። የለም፣ ታንኳው ላይ አልነበረም፣ በኬንያ በኩል በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍሮ በዓይኔ አይቼዋለሁ የሚልም አለ። ሬሳ አልተገኘም። ያየሁት ያለውም ሰውዬ ሁለተኛ ሲጠየቅ፣ ከኋላው ስለነበርኩ ፊቱን በደንብ አላየሁትም አለ።

በዚያ ጉዞ ስልኩን ይዞ አልሄደም። ልጃቸው ኢየሩሳሌም ለትምህርቷ ትፈልገዋለች ብሎ፣ እዚያ ኔትወርክ እንደሆነ የለም ብሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ወጣ። አየለች የራሷ ስልክ ኖሯት አያውቅም። እንግዲህ ዶላሞ በሕይወት ካለ፣ የትም አገር ይሁን፣ የሰው ስልክ ለምኖ ሊደውልበት የሚችለው በቃሉ የያዘው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የራሱ። በዓሣ ጆንያዎቹ ላይ ሁሉ በጥቁር ቀለም ሲጽፈው የኖረ ቁጥር ስለሆነ ሊረሳው አይችልም። በዚህ የተነሣ ስልኩ በዚያ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። መብራት ሲሄድ አየለች ሶላር ያለው ሱቅ ድረስ ወስዳ ታስቻርገዋለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትሄድ ድምፁን ቀንሳ ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ስብከቱ መሐል እየዳበሰችው ስንት ጊዜ ቃሉ እንዳመለጣት ጌታ ይወቀው።

የዶላሞ እናት እማማ አረጋሽ ከምራታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አሪኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ከአየለችም ጋር የሚነጋገሩት በአሪኛ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መጥተው ለቅሶ እንቀመጥ፣ ሰው ያጽናናችሁ ሲሉ፣ ያላየሁትን አልቀብርም ብለው የመለሷቸው እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሌላ ጊዜ ሲመጡ በሩን አልከፈቱላቸውም። ሁልጊዜ አመሻሹ ላይ፣ ከብት ሲገባ፣ አየለችን አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

"ደወለ?"

"አልደወለም እማማ።"

"እንግዲህ ነገ ነው" ይላሉ፤ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ ደግሞ የልጅቱ ነገር ተጨመረ። ኢየሩሳሌም የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ፈተና አለፈች። ያ ፈተና ምን ያህል ሰው እንደጣለ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰፈራቸው ያለፈችው እሷ ብቻ ነበረች። ምድቧ ሐረማያ ሆነ። ከጂንካ ሐረማያ ማለት አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር መሻገር ነው። የመሳፈሪያው፣ የፍራሹ፣ የብርድ ልብሱና የመጀመሪያዎቹ ወራት ወጪ ሁሉ ከፌስቲቫሉ ነበር የሚጠበቀው። አየለች እቁቧን አስቀድማ ወስዳ፣ አንዲት ጥጃዋን ሸጣ፣ ያላትን ሁሉ በጎደሬ፣ በዘይትና በበርበሬ ላይ አፈሰሰችው። ምዝገባው ፌስቲቫሉ ባለቀ በሳምንቱ ነው፤ በቀኑ ያልተገኘ ተማሪ ቦታው ይሰረዛል ተብሏል። ስለዚህ ያ የጎደሬ ድንኳን የልጅቱ መንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

ሻጮችን የመዘገበችው ሔርሜላ የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ፀሐዩ ፊቷን ያቀላው፣ ትሑት ልጅ። ቁጥሩን አስገብታ ስክሪኑን አየችና፣ "ዶላሞ አንጁሎ ይላል፤ ልክ ነው?" አለች።

አየለች ልክ ነው አለች። ባሌ ነው፣ እዚህ የለም፣ ማለት ነበረባት። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የዶላሞን ስም በፊቷ ሲጠራ ድምፁን ዝቅ፣ ዓይኑን ሰበር እያደረገ ነው። ይህች ልጅ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ስም፣ አሁንም እንዳለ ሰው ስም፣ በደህና ድምፅ ጠራችው። አየለች ደስ አላት። ሞኝነት በሉት፤ ደስ ስላላት ነው ዝም ያለችው። ሔርሜላም ሰልፉ ረጅም ነበርና ቀጣይ ብላ ተጣራች።

ፌስቲቫሉ ደመቀ። ከሃና፣ ከቱርሚ፣ ከኦሞራቴ በየመኪናው የመጣው ሰው ሜዳውን ሞላው። የውጭ አገር እንግዶችም አልጠፉም፤ ፎቶ አንሥተው ብር ለመስጠት ሲሉ እጃቸው ላይ ካለው ጨርቅ በቀር ምንም ስለሌላቸው፣ ከሐመር የመጡት ሴቶች እየተቆጡ ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበር። ፎቶ የተነሣ ሰው ማሽን የለውማ። ይህን በስብሰባው ላይ ያነሣ አልነበረም። የአየለች ድንኳን ግን ሰልፍ ሆነ። ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ደረቷ ውስጥ ያለው ስልክ ይጮኻል። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ "ውድ ዶላሞ አንጁሎ፣ ክፍያ ገብቶልዎታል።"

መጀመሪያ ላይ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቧ ዘለለ። እማማ አረጋሽም ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎደሬ ሲልጡ ቢላቸውን አቁመው፣ "እሱ ነው?" ይላሉ።

"አይደለም እማማ፣ ገንዘብ ነው።"

"በማን ስም?"

"በሱ ስም።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስሙ ገና ይሠራል ማለት ነው" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮህ ባይጠይቁም ፈገግ ይሉ ነበር። አየለችም ፈገግታቸውን እያየች ሥራው ቀለላት። ከዶላሞ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት የሳቀችበት ጊዜ የለም። አመሻሽ ላይ መቀነቷ ባዶ ስለነበር በሰው መሐል እጇን እያወናጨፈች ነበር ወደ ቤት የምትሄደው።

ፌስቲቫሉ አልቆ ድንኳኑ ሲፈርስ ሻጮች ገንዘባቸውን እንዲወስዱ ወደ አዳራሹ ተጠሩ። ከአየለች ጎን ማር ትሸጥ የነበረችው ሸዋአለም መታወቂያዋን አሳይታ፣ ወንበር ሳይሞቃት ጨርሳ፣ ጌታ ይባርካቸው እያለች ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ አይታ አታውቅም። ሌሎቹም እንደዚያው። አየለች ተራዋ ሲደርስ ስልኩንና መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሔርሜላ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

ስሙ አይገጥምም አለቻት በትሕትና። ሒሳቡ የአቶ ዶላሞ ስለሆነ እሳቸው ራሳቸው ብቅ ብለው መታወቂያቸውን ቢያሳዩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዛሬ ካልተመቻቸውም ነገ ይምጡ።

አየለች ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ራሷም አላወቀችም። ከዚያ ስለ ወንዙ፣ ስለ ታንኳው፣ ከኋላው ስለታየው ሰው፣ ሐረማያ ስለምትሄደው ልጇ ሁሉንም ነገረቻት። ሔርሜላ ስትሰማ ቆይታ ኮምፒውተሯን ከደነችው፤ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ወዲያና ወዲህ እያለች ስትነጋገር ትታያለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ገንዘቡ አለ፤ ማንም አልወሰደውም። ግን የስልክ መስመሩ ባለቤት መታወቂያና ፊት ካልመጣ የሚነካው የለም፤ አለቆቿም ቢሆኑ አይችሉም። ሌባ እንዳይደርስበት ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው።

"እኔም አልደርስበትም ማለት ነው?" አለች አየለች።

ሔርሜላ ያላት አንድ መንገድ ነበር፣ እሱንም ወደ ጠረጴዛው እያየች ነው የተናገረችው። ባለ መስመሩ ሞተዋል የሚል የሞት ምዝገባ ወረቀት ከቀበሌ ከመጣ፣ መስመሩና ሒሳቡ ይዘጋና በውስጡ ያለው ለሚስት ይከፈላል። ቁጥሩን ሳይዘጉ ወደ ሚስት ስም ማዞርም ይቻል ነበር፤ ግን ለእሱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል፣ ወራት ይፈጃል። የድርጅቱ ሰዎች ደግሞ ከነገ ወዲያ በአውሮፕላን ይመለሳሉ።

"ቁጥሩ ይዘጋል?" አለች አየለች።

"ይዘጋል።"

"ሰው ቢደውልበትስ?"

"አገልግሎት ላይ አይደለም ነው የሚለው" አለች ሔርሜላ፤ የጥያቄው ምክንያት የገባት ካለች በኋላ ነበር። ከራሷ ኪስ የተወሰነ ገንዘብ ልስጥሽ አለቻት። አየለች ሁለቱን እጇን አንሥታ እንቢ አለች፤ ሔርሜላም ኪሷ ያለው ከአዲስ አበባ ሐረማያ እንኳ እንደማያደርስ ታውቅ ነበር።

ያን ቀን አየለች ያልነካችው በር የለም። የባህል ቢሮው የሥራ ኃላፊ አዘነላት፤ ማዘን ለቢሮ ሰው አያስከፍልም። ጉዳዩ የድርጅቱ ነው አላት። ጠበቃ ደጅ ሄደች፤ ጠበቃው ደግ ሰው ነበር፣ ሳያስከፍላት ወንበር ሰጥቶ ሕጉን አስረዳት፤ የጠፋን ሰው በተመለከተ ሕጉ የሚለው ብዙ ነው፣ ሁሉም ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለመበደርም አሰበች፤ ከማን? ዘመዶቿ ራሳቸው የእሷን ጎደሬ በዱቤ የሚበሉ ናቸው። የሚገርመው፣ ማንም ክፉ አልሆነባትም። የምትሰድበው ሰው ብታገኝ እንኳ ይቀላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ለኢየሩሳሌም ብቻ፣ ከጓሮ ወስዳ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ አላመነታችም፤ አልሄድም አለች። ስልኩን ለእኔ ብሎ ባይተው ኖሮ ይዞት ይሄድ ነበር፣ ይዞት ቢሄድ ደግሞ የት እንዳለ እናውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁበት፣ አሁን ደግሞ በእኔ ምክንያት ቁጥሩ አይዘጋም አለች። ይህን ነገር ሁለት ዓመት በሆዷ ይዛ እንደኖረች አየለች ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ደነገጠች። ልጅቱን አቅፋ፣ አባትሽ ያን ስልክ የተወልሽ ተምረሽ እንድትሄጂ ነው እንጂ ተቀምጠሽ እንድትጠብቂው አይደለም አለቻት። ስትናገረው እውነት መሰላት። ማታ ተኝታ ስታስበው ግን ስልኩን እንጂ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

ጠዋት ለእማማ አረጋሽ የነገረቻቸው ግማሹን ነው። ቢሮው ገንዘቡን የሚለቀው ዶላሞ ሞቷል የሚል ወረቀት ከቀበሌ ከመጣ ነው አለቻቸው። ወረቀቱ ስልኩን እንደሚዘጋው ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። አሮጊቷ ስልኩ ቻርጅ ላይ እንዳለ በዓይናቸው ሲያረጋግጡ አየችና አፏን ዘጋችው።

እማማ ነጠላቸውን አንሥተው፣ እንሂድ አሉ።

የቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ሕዝቅኤል ነው። ከዶላሞ ዓሣ ሲገዛ የኖረ ሰው ስለሆነ ሁለቱን ሴቶች ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ፤ እማማን በገዛ ወንበሩ አስቀመጣቸው። ጉዳዩን አየለች ስትነግረው እስክሪብቶውን ደጋግሞ ከፈተው፣ ደጋግሞ ዘጋው። ሬሳ ባልተገኘበት እንዲህ ያለ ወረቀት መስጠት የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ግን ኢየሩሳሌም ማለፏን መላው ቀበሌ ያውቃል። የቅርብ ቤተሰብ ሞቱን በአንደበቱ ከመሰከረ እጽፋለሁ አለ። ከዚያም ድምፁን የቢሮ ድምፅ አድርጎ፣ ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ፣ ሟች መቼ ነው ያረፉት ብሎ ጠየቀ።

አየለች ይህን ቃል ስትለማመድ ነው መንገዱን የመጣችው። በጎርፉ ጊዜ ሞተ። አራት ቃል አይሞላም። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ሕዝቅኤል ጠበቃት። ውጭ ሞተር ሳይክል አለፈ። እንደገና ሞከረች፤ በመጨረሻ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችው።

እማማ አረጋሽ በአሪኛ ተናገሩ። ሕዝቅኤል ገብቶታል፤ እሱም የአሪ ልጅ ነው። ግን መዝገቡ በአማርኛ ስለሆነ፣ ወይም ጆሮውን ማመን ስላቃተው፣ እማማ፣ እስቲ በአማርኛ ይድገሙልኝ አለ።

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"ልጅ የኔ ሞቷል" አሉ። "እኔ እናት። እኔ ነኝ የምለው። ጻፍ።"

ሕዝቅኤል ጻፈ። ማኅተሙን ሲመታ ገደድ ብሎበት ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ አላቸው፣ ለማኅተሙ ይሁን ለሌላው ሳይለይ።

ከቀበሌው ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ እማማ አረጋሽ የአየለችን ክንድ ያዙ። ፊታቸው ላይ ለቅሶ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ከባድ ሸክም አውርደው የሚገቡ ይመስሉ ነበር።

"ቢሮው የፈለገውን ሰጠነው" አሉ። "ልጅቱ ትሂድ። እሱ ሲመጣ እኔው ራሴ ሄጄ ዋሽቼ ነው እለዋለሁ ያን የቀበሌ ልጅ። እኔን ምን ያደርገኛል?"

አየለች መናገር ያለባት አሁን ነበር። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፤ ገና አላስረከበችውም። እማማ፣ ይህ ወረቀት ስልኩን ይዘጋዋል፣ ቢደውል አያገኘንም ብትላቸው፣ አሮጊቷ ወረቀቱን እዚያው መንገድ ላይ ይቀድዱት ነበር። ቢቀድዱት ደግሞ ልጅቱ ቀረች። ምንም ሳትል እስከ መገንጠያው አብራቸው ሄደች፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ቤት፣ እሷ ወደ አዳራሹ ተለያዩ።

ሔርሜላ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ለማጽናናት የሚባለውን ለማለት ጀምራ ተወችው። አየለች አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ጠብቂኝ። ሔርሜላ ለምን አላለችም። የሌሎቹን ሥራ ስትሠራ ቆየች፤ አየለች ጥግ ላይ ባለ የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ ይዛ ጠበቀች። ሁለት ዓመት ያልደወለ ሰው በግማሽ ቀን እንደማይደውል ታውቃለች። ማወቅ ግን ከወንበር አያስነሣም። ዶላሞ ሆይ፣ ካለህ አሁን ነው፣ ሌላ ጊዜ የለህም አለችው በሆዷ። ጌታንም ለመነች። ኔትወርኩን ደጋግማ አየች፤ ሙሉ ነበር።

ሰዎቹ ለምሳ መውጣት ሲጀምሩ ስልኩ ጮኸ። አየለች ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። መልእክት ነበር። "ውድ ዶላሞ አንጁሎ፣ በፌስቲቫሉ ስለተሳተፉ እናመሰግናለን። የከርሞ ሰው ይበለን።"

ስልኩን ወስዳ ሔርሜላ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

ከዚያ በኋላ ያለው በእርግጥም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሔርሜላ አሮጌውን ሲም ካርድ አወጣች፣ በአየለች ስም አዲስ አስገባች፣ አንድ ሁለት ቦታ ነካካች። ማሽኑ ጢጥ አለ። ስልኩ፣ "ውድ አየለች" ብሎ መልእክት አመጣ። ገንዘቡ ሙሉ ነበር፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ሲስተሙ ምንም አልተሳሳተም። ሔርሜላ አሮጌውን ሲም የት እንደምታደርገው ስታመነታ አየለች መዳፏን ዘረጋች። የጥፍር ያህል ነገር ናት። በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻት።

ኢየሩሳሌም ከፍራሿና ከብርድ ልብሷ ጋር ተሳፈረች። መናኸሪያው ውስጥ አያቷ ግንባሯን ስመው ምራቃቸውን እንትፍ እንትፍ ብለው መረቋት፤ አባትሽ ሲመጣ የት እንዳለሽ እነግረዋለሁ አሏት። ልጅቱ እናቷን አየች። አየለች ፊቷን ወደ አውቶቡሱ ጎማ አዞረች። መኪናው ሲነሣ ልጅቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እያለቀሰች እጇን ስታወዛውዝ፣ አላፊ አግዳሚው የመለያየት ለቅሶ መስሎት አይዞሽ፣ ትምህርት ነው አላት።

ከመናኸሪያው ሲመለሱ ቤቱ ሰፊ ሆኖ ጠበቃቸው። አየለች እሳት አነደደች። እማማ አረጋሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ከብቱ ሲገባ ያያሉ። ዛሬስ አይጠይቁኝም አለች አየለች በሆዷ፤ በገዛ አፋቸው ሞቷል ብለው፣ ማኅተም ተመቶበት፣ እንዴት ይጠይቃሉ? ልጅቱንም ሸኝተዋል፣ ደክሟቸዋል። አይጠይቁኝም። ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አይጠይቁኝ።

"ደወለ?" አሉ እማማ አረጋሽ።

አየለች እሳቱን እንደ መቆስቆስ አለች። ስልኩ ደረቷ ውስጥ ነው፣ ያው ስልክ ነው፣ ከውጭ ሲያዩት የተለወጠ ነገር የለውም።

"አልደወለም እማማ።"

"እንግዲህ ነገ ነው" አሉ አሮጊቷ። ተነሥተው ነጠላቸውን እያራገፉ ወደ ውስጥ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ "ቻርጅ አለው?" ብለው ጠየቁ።

አየለች ስልኩን አውጥታ አየችው፣ ብዙም አልቀነሰም ነበር። ግድግዳው ድረስ ሄዳ ሰካችው።